መርዙን መድኃኒት ያደረገው ሰው፣ ብሩን የሰጠችው ሴት

ኢኮኖሚክስ ስለተማርኩ ነው መሰለኝ፣ ስለ ሳይንቲስት ሳነብ መጀመሪያ የምፈልገው ብሩን ማን ሰጠው የሚለውን ነው። ስለ ፓውል ኤርሊኽ ሳነብም ዓይኔ የሄደው እዚያው ነው።

ኤርሊኽ በ1854 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው) ያኔ በፕሩሺያ ሥር በነበረችው ሽትሬለን ከአይሁድ ቤተሰብ ተወለደ። ከተማሪነቱ ጀምሮ ሱሱ የጨርቅ ማቅለሚያ ነበር፤ ሲጋራውን ሳንቆጥር ማለቴ ነው። አንዳንድ ቀለም አንዱን ህዋስ መርጦ ይይዛል፣ ሌላውን አይነካም። ታዲያ መርዝስ ሰውየውን ትቶ ጀርሙን ብቻ ለምን አይገድልም? ዕድሜውን የበላው ይሄ ጥያቄ ነው። በ1908 ኖቤል የተሸለመው እንኳ በሌላ ሥራው፣ በበሽታ መከላከል ጥናቱ ነው።

ግን በባዶ ኪስ ኬሚስት አይቀጠርም። ፍራንሲስካ ሽፓየር የምትመጣው እዚህ ጋ ነው። ባሏ ጌዮርግ የፍራንክፈርት ባንከር ነበር። እሱ ከሞተ በኋላ በስሙ የምርምር ቤት አሠራች፤ በ1906 ከኤርሊኽ ተቋም አጠገብ ተከፈተ።

እስቲ አስቡት፦ አርሴኒክን ከካርቦን ጋር እያያያዝን በመቶዎች የሚቆጠሩ ውህዶች እንሠራለን፣ አብዛኞቹ አይረቡም ብላችሁ የገንዘብ ጥያቄ ብትጽፉ ማን ይሰጣችኋል? እኔ አንዴ ለትንሽ ጥናት ገንዘብ ስጠይቅ የየወሩን ውጤት በሰንጠረዥ አስገባ ተባልኩ። አስገባሁ። አልሰጡኝም።

ያኔ አቶክሲል የሚባል የአርሴኒክ መድኃኒት ነበር፤ በሽተኛውን ዓይነ ስውር የማድረግ አደጋ ነበረው። ኤርሊኽና ኬሚስቱ አልፍሬድ ቤርትሃይም የውህዱ አሠራር ከዚያ በፊት እንደታመነው እንዳልሆነ በ1907 አሳዩ። ይሄ በር ከፈተ፦ ሞለኪውሉን እንደፈለጉ መቀያየር ቻሉ። ከውህዶቹ አንዱ ቁጥሩ 606 ነበር። መጀመሪያ የፈተሸው ረዳት አይረባም ብሎ ስላለፈው መደርደሪያ ላይ ቀረ።

በ1909 ከጃፓን የመጣው ሳሃቺሮ ሃታ የቆዩትን ውህዶች ቂጥኝ በያዛቸው ጥንቸሎች ላይ እንደ አዲስ ሞከረ። 606 ሠራ! ፍራንሲስካ ግን በዚያው ዓመት አረፈች። በ1910 ዜናው ለዓለም ሲነገር አልነበረችም።

ሆክስት ኩባንያ ሳልቫርሳን ብሎ አመረተው፤ ለገበያ ከመውጣቱ በፊት ወደ 65,000 የሚጠጋ መጠን ለሐኪሞች በነጻ ተሰጠ። ፔኒሲሊን እስኪመጣ ድረስ ለቂጥኝ ዋናው ተስፋ ይሄና ተከታዩ ነበሩ። ችግር አልጠፋም፤ አየር ሲነካው ይበላሻል፣ በትክክል ካልተበጠበጠ ይጎዳል፣ የሞቱም አሉ። ከዚያ ስም ማጥፋቱ መጣ። በሽተኛ እየገደለ ለጥቅሙ ይሠራል ተባለ። በ1914 ፍራንክፈርት ፍርድ ቤት ቀርቦ መሰከረ፤ ከሳሹም ታሰረ። እሱ ግን ጤናው ተሟጦ ነበር፤ ኦገስት 1915 በ61 ዓመቱ ሞተ።

የምርምር ቤቱ ዛሬም ፍራንክፈርት ውስጥ እየሠራ ነው። ስሙ የባንከሩ ነው፣ ጌዮርግ ሽፓየር ቤት። ያለበት መንገድ ደግሞ ፓውል ኤርሊኽ ይባላል። የፍራንሲስካ ስም በሁለቱም ላይ የለም።