ታላቁ ፍሬድሪክና ውሾቹ

በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የአውሮፓን ታሪክ የተማረ ሁሉ የፕሩሲያውን ንጉሥ የታላቁ ፍሬድሪክን ስም ያውቀዋል። ሲሌዥያን የወረረ፣ በሰባቱ ዓመት ጦርነት ከኦስትሪያ፣ ከፈረንሳይና ከሩሲያ ጋር የተዋጋ፣ ከፈላስፋው ከቮልቴር ጋር የተጻጻፈ እየተባለ ለፈተና ይሸመደዳል። ይህ ሁሉ ልክ ነው። ነገር ግን ይኸው ንጉሥ ሲሞት ከነገሥታት ጎን ሳይሆን ከውሾቹ ጎን እንዲቀበር የተናዘዘ፣ ኑዛዜውም ሳይፈጸምለት 205 ዓመት የቆየ ሰው መሆኑን ብዙዎቻችን አልሰማንም። መቼም የውሻ ወሬ ለግድግዳ ጋዜጣ ምን ያደርጋል የሚል አይጠፋም፤ ታግሶ ያንብብልኝ። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውንም አንባቢ ልብ ይበል።

ፍሬድሪክ ጃንዋሪ 24 ቀን 1712 በርሊን ተወለደ። አባቱ ቀዳማዊ ፍሬድሪክ ቪልሄልም የወታደር ንጉሥ ይባል ነበር። ቁመተ ረጃጅም ወንዶችን ከየአገሩ እያስለቀመ ልዩ ጦር ያቋቋመ፣ ቁጠባ የሚወድ፣ በቁጣው ቤተ መንግሥቱን የሚያንቀጠቅጥ ሰው ነበር። ልጁ ፍሉት የሚባለውን የፈረንጅ ዋሽንት ሲነፋ፣ የፈረንሳይኛ መጽሐፍ ሲያነብ ወይም ፀጉሩን ሲያሳምር ሲያገኘው በበትር ይመታዋል፤ በሹማምንቱ ፊት ያዋርደዋል። በቤቱ ውስጥ የልጁ መጽናኛ በሦስት ዓመት የምትበልጠው እህቱ ቪልሄልሚነ ብቻ ነበረች።

በ1730 ፍሬድሪክ 18 ዓመት ሲሆነው ነገሩ መረረውና ካገር ለመጥፋት ተነሣ። ሀንስ ኸርማን ፎን ካተ የሚባል ወጣት መኮንን ጓደኛው ነበርና በምክሩ ተባበረው። አልሆነላቸውም፣ ተያዙ። ወታደራዊው ፍርድ ቤት በካተ ላይ የዕድሜ ልክ እስራት ቢፈርድበት ንጉሡ ፍርዱን ሽሮ በሞት ለወጠው። ኖቬምበር 6 ቀን በኩስትሪን ምሽግ ግቢ ካተ አንገቱን በሰይፍ ሲቀላ ልዑሉ ከእስር ክፍሉ መስኮት ሆኖ እንዲያይ ተገደደ። ሰይፉ ከማረፉ በፊት ራሱን ስቶ ወደቀ። እንግዲህ አባት ልጁን የቀጣው በጓደኛው አንገት ነው። ከሦስት ዓመት በኋላም ያላፈቀራትን ልዕልት አገባ ተብሎ አገባ፤ ከነገሠ በኋላ አብሯት አልኖረም፤ ልጅም አልወለደም።

ሜይ 31 ቀን 1740 አባቱ ሞተና ዙፋኑን ያዘ። በመጀመሪያዎቹ ቀኖች ከጥቂት ጉዳዮች በስተቀር ተከሳሽን እያሰቃዩ ማናዘዝ እንዲቀር አዘዘ። ፈላስፋው ንጉሥ መጣ ተብሎ ሲወራለት በዚያው ዓመት በዲሴምበር ሲሌዥያን ወረረ። ጦርነቱን እዚህ ላይ አልዘረዝርም፤ የታሪክ መጽሐፎቻችን ሞልተውታል።

ፖትስዳም ከተማ አጠገብ አንድ ኮረብታ ነበር። ፍሬድሪክ ኮረብታውን በእርከን አስቆርጦ ወይን አስተከለበት፤ ከጫፉም ላይ ከ1745 እስከ 1747 ፎቅ የሌለው ትንሽ ቤተ መንግሥት አሠራ። ስሙን በፈረንሳይኛ ሳን ሱሲ አለው፤ ያለ ሐሳብ ማለት ነው። የሚያስገርመው ግን ቤቱ ሳይጀመር በ1744 የራሱን መቃብር እዚያው እርከን ላይ ማስቆፈሩ ነው።

በሳን ሱሲ ከንጉሡ ጋር የሚኖሩት ውሾች የኢጣሊያ ግሬይሀውንድ የሚባሉት ናቸው። እግራቸው እንደ ሸምበቆ የቀጠነ፣ ፀጉራቸው አጭር፣ ብርድ የማይችሉ ትናንሽ ውሾች ናቸው። በሐር ወንበሮቹ ላይ ይተኛሉ፤ ሌሊት ከአልጋው ይወጣሉ። አሽከሮቹ ውሾቹን አንተ፣ አንቺ ማለት ክልክል ሆኖባቸው እርስዎ እያሉ ያነጋግሯቸው እንደነበረ ይነገራል። በኛ ቤት ቢሆን ውሻ ከደጅ አልፎ ምንጣፍ ከረገጠ ምን እንደሚደርስበት ሁላችንም እናውቃለን!

ከሁሉ አብልጦ የሚወዳት ቢሽ የምትባለው ነበረች። ስሟ በፈረንሳይኛ እንስት አጋዘን ማለት ነው። የሰጠው ወዳጁ ጄኔራል ሮተንቡርግ ነበር። ወደ ጦር ሜዳም ይዟት ይሄዳል። ሴፕቴምበር 30 ቀን 1745 ሶር በሚባል ቦታ ከኦስትሪያ ጋር ሲዋጋ ድሉ የሱ ሆነ፤ የኦስትሪያ ፈረሰኞች ግን በጎን ዞረው ሠፈሩን ዘረፉት። ድንኳኑ፣ ገንዘቡ፣ መጻሕፍቱ ሁሉ ተወሰደ፤ ቢሽም ተማረከች። ጦርነቱን ያሸነፈው ንጉሥ ውሻውን ተነጠቀ ማለት ነው። በኋላ በልመናና በድርድር ተመለሰችለት። ሮተንቡርግ በሩን ቀስ ብሎ ከፍቶ ሲለቃት ንጉሡ ደብዳቤ ይጽፍ ነበር፤ ዘላ ጠረጴዛው ላይ ወጥታ አንገቱን በእግሯ ብታቅፈው እንባው መጣ ብለው ይተርካሉ።

በ1748 ደግሞ ወንድምና እህት በውሾቻቸው ስም ተጻጻፉ። የቪልሄልሚነ ውሻ ፎሊሾን ለቢሽ የፍቅር ደብዳቤ ላከ፤ ቢሽም መለሰችለት። ውሾቹ በደብዳቤው ውስጥ እንደ ፈላስፋ ይናገራሉ፣ በሰው ልጅ ይስቃሉ። ሁለቱም ትልልቅ ሰዎች ነበሩ፤ ንጉሡ 36 ዓመቱ ነው። ጨዋታው የልጅ ጨዋታ ይመስላል። እኔ ግን በልጅነታቸው በአባታቸው ቤት እንደልባቸው ሊጫወቱት ያልቻሉትን ጨዋታ ዘግይተው የተጫወቱት ይመስለኛል።

በ1752 ዓመቱ ሊያልቅ ሲል ቢሽ ሞተች። ሮተንቡርግ ሞቶ አንድ ዓመት ሊሞላው ነበር። ፍሬድሪክ ለእህቱ በጻፈው ደብዳቤ የውሻይቱ ሞት የሞቱበትን ወዳጆች ሁሉ፣ በተለይም እሷን የሰጠውን ሰው እንዳስታወሰው ገለጸላት። የውሻ ሞት ልቡን ይህን ያህል በመንካቱ ማፈሩን አልደበቀም፤ ግን ታማኝነቷና ስትታመም ያየው ስቃይዋ አሸነፈው። በጦር ሜዳ ሬሳ ተራምዶ ያለፈ ሰው በአንዲት ትንሽ ውሻ ፍልስፍናው ሁሉ ከዳው።

እኛ አገር ገበሬ በሬው ሲሞትበት ተቀምጦ ሲያለቅስ ያየ ሰው በዚህ አይስቅም። ልዩነቱ የገበሬው በሬ እንጀራው መሆኑ ነው። ቢሽ ግን አታርስ፣ አትጭን፣ ቤት አትጠብቅ። ንጉሥ ለሆነ ሰው ቀርቦ ምንም የማይለምን ፍጥረት እሷ ብቻ ነበረች ቢባል ማጋነን አይሆንም። ሰዎቹማ ይለምናሉ ወይም ይፈራሉ ወይም ይጣላሉ። ሳን ሱሲ በክብር ተጋብዞ የመጣው ቮልቴር እንኳ በ1753 ተጣልቶ ነው የሄደው።

ነገር ግን እዚህ ላይ ሳልናገር የማላልፈው አለ። ኦገስት 12 ቀን 1759 በኩነርስዶርፍ ጦርነት ከ50 ሺህ ያህል ሠራዊቱ ከ18 ሺህ በላይ የሚሆነው ሞተ፣ ቆሰለ ወይም ተማረከ። ለነዚያ የገበሬ ልጆች ስማቸው የተቀረጸበት የድንጋይ ሰሌዳ በሳን ሱሲ እርከን ላይ የለም። ለውሾቹ ግን አለ። የሰውየው ለቅሶ እውነተኛ አይደለም አልልም፤ እውነተኛ ነው። ለዚያውም ለሰው የማይደርስ እውነተኛ ለቅሶ ነው።

ለኛ ለመምህርነት እጩዎች የምትሆን አንዲት ነገር ልጨምር። ጦርነቱ ባበቃበት በ1763 ከ5 ዓመት እስከ 13 ወይም 14 ዓመት ያለ የገጠር ልጅ ሁሉ እንዲማር ሕግ አወጣ። ደንቡን ያረቀቀው በበርሊን የመምህራን ማሠልጠኛ የከፈተው ሄከር ነው። በወረቀት ላይ እጅግ ያማረ ነበር። ደመወዝ ሳይመደብ ቀረና በ1779 ንጉሡ በጦርነት አካላቸው የጎደለ ወታደሮች መምህር እንዲሆኑ አዘዘ። ብዙዎቹ ራሳቸው በቅጡ ማንበብ አይችሉም ነበር። ወደ ውሾቹ እንመለስ።

ኦክቶበር 14 ቀን 1758 ቪልሄልሚነ ሞታ ነበር። በዚያው ዕለት ጦሩ ሆክኪርክ ላይ ተሸንፏል። ከዚያ በኋላ ፍሬድሪክ የልቡን የሚያዋየው የቅርብ ሰው አላገኘም። ጥርሱ አለቀ፣ ጣቶቹ በሪህ ስለተቆለመሙ የሚወደውን ፍሉት መንፋት ተወ፤ ልብሱ በትንባሆ ተበላሽቶ ያረጀ ነበር። ቢሽን አልክሜነ ተካቻት፤ እሷንም ሌሎች ተኩ። እየሞቱ በተራ በእርከኑ ላይ በየራሳቸው የድንጋይ ሰሌዳ ሥር ይቀበራሉ። ቁጥራቸው 11 ደርሷል ይባላል። በኑዛዜውም ያለ ክብርና ያለ ሰልፍ፣ በሌሊት፣ በፋኖስ ብርሃን ወስደው ከነሱ ዘንድ እንዲያኖሩት ጻፈ።

በ1786 በኦገስት ወር ሕመሙ ጠናበት። በመጨረሻው ሌሊት ከወንበሩ አጠገብ ያለችው ውሻ ስትንቀጠቀጥ አይቶ ብርድ ልብስ እንዲደርቡላት አዘዘ ይባላል። ኦገስት 17 ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ሲያልፍ በአሽከሩ ክንድ እንደተደገፈ በ74 ዓመቱ ሞተ።

ወራሹ የወንድሙ ልጅ ኑዛዜውን አልተቀበለም። ንጉሥ ከውሻ ጋር አይቀበርም ብሎ ይሁን ወይ በሌላ ምክንያት፣ አስከሬኑን በፖትስዳም የጦር ሠፈር ቤተ ክርስቲያን ውስጥ አኖረው። ከማን ጎን? ከአባቱ ጎን! በበትር ከደበደበው፣ ጓደኛውን በፊቱ ካስቀላው ከዚያ ከወታደሩ ንጉሥ ጎን 157 ዓመት ተኛ።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በ1943 ከቦምብ ለማዳን የሁለቱ ሬሳ ሣጥኖች ከዚያ ወጡ። በ1945 የአሜሪካ ወታደሮች በርንተሮደ በሚባል ቦታ በጨው ማዕድን ጉድጓድ ውስጥ አገኟቸው። ከዚያ ወደ ማርቡርግ፣ በ1952 ደግሞ በደቡብ ጀርመን ወዳለው ወደ ሆሄንዞለርን ግንብ ተወሰዱ። ፖትስዳም በምሥራቅ ጀርመን፣ ግንቡ በምዕራብ ስለነበረ ጀርመን እስክትዋሐድ ድረስ ወሰኑ ተዘግቶ ነበር።

ኦገስት 17 ቀን 1991፣ በሞተ በ205ኛው ዓመት፣ እኩለ ሌሊት ላይ በሳን ሱሲ ራሱ ባስቆፈረው መቃብር ገባ። ብዙ ጀርመኖች ለጦረኛ ንጉሥ ይህ ሁሉ ክብር ምንድነው ብለው ተቃውመው ነበር። አባቱን ግን በዚያው ፓርክ ውስጥ በሌላ ቤተ ክርስቲያን አኖሩት።

መቃብሩ ሐውልት የለውም፤ ከመሬት ጋር የተነጠፈ፣ ስሙ ብቻ የተጻፈበት የድንጋይ ሰሌዳ ነው። በ1756 ገበሬው ድንች እንዲተክል ትእዛዝ አውጥቶ ስለነበር ጎብኚዎች ከአበባ ጋር ድንች ያኖሩበታል። ከጎኑ በተርታ ያሉት ትናንሾቹ ሰሌዳዎች የውሾቹ ናቸው።