ስዋሚ ቪቬካናንዳ፤ ዮጋን ከዋሻ ወደ መንገድ ያወጣ ሰው

ዮጋ ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው እግሩን አጣጥፎ፣ ዐይኑን ጨፍኖ፣ ከዓለም ተለይቶ የተቀመጠ ባሕታዊ ነው። የጎረቤቱ ረኃብ የማይሰማው፣ የድኻው በደል የማይነካው ሰው ይመስለናል። የሕንዱ መነኩሴ የስዋሚ ቪቬካናንዳ ሕይወት ግን ይህን ግምታችንን ያፈርሰዋል። ይህ ሰው አርባ ዓመት እንኳ ሳይሞላው ቢሞትም፣ የነገን አለማወቅና የወገኑን ግፍ በገዛ ኑሮው ቀምሶ፣ ዮጋ ለነዚህ ምን ይፈይዳል ለሚለው ጥያቄ በሥራው መልስ ሰጥቷል። ታሪኩን ባጭሩ እንመልከት። ቀንና ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

ቪቬካናንዳ ከመመንኰሱ በፊት ስሙ ናሬንድራናት ዳታ ነበር። የተወለደው በጃንዋሪ 12 ቀን 1863 በካልካታ ከተማ ነው። አባቱ በከተማው ከፍተኛ ፍርድ ቤት የታወቀ የሕግ ጠበቃ ስለ ነበር ልጁ በድሎት አደገ። ኮሌጅ ገብቶ ፍልስፍና፣ ሎጂክና ታሪክ ተማረ፤ የሂዩምን፣ የሚልንና የስፔንሰርን መጻሕፍት አገላበጠ። ንባቡ ግን ዕረፍት አልሰጠውም፤ ይልቁንም የአባቶቹን እምነት አናጋበት። እግዚአብሔርን በዐይኑ ያየ ሰው እንዳለ ሊቃውንቱን እየዞረ ይጠይቅ ነበር። በ1881 ገደማ ከካልካታ ወጣ ብሎ በሚገኘው በዳክሺኔስዋር ቤተ መቅደስ የሚኖረውን ራማክሪሽናን አገኘ። ራማክሪሽና ብዙም ያልተማረ የቤተ መቅደስ ካህን ሲሆን፣ ሳያመነታ አይቻለሁ ብሎ የመለሰለት እሱ ብቻ ነበር። ናሬንድራ ግን ወዲያውኑ አላመነም፤ ለዓመታት ሲከራከረው ኖረ።

በ1884 ዕድሉ ተገለበጠ። አባቱ በድንገት ሞተ፤ ከሀብት ይልቅ ዕዳ ትቶ መሄዱ ታወቀ፤ ዘመዶችም ስለ ቤቱ ክስ መሠረቱ። ናሬንድራ በዚያው ዓመት የባችለር ዲግሪውን አግኝቶ ነበር። እናቱና ታናናሾቹ የሱን እጅ ስለሚጠብቁ በባዶ እግሩ፣ በፀሐይ፣ ከመሥሪያ ቤት መሥሪያ ቤት ሥራ ሲለምን ይውል ጀመር። በሩ ሁሉ ተዘጋበት። በቤት ውስጥ ያለው ምግብ ለሁሉ እንደማይበቃ በተረዳ ቀን፣ ምሳ ተጋብዣለሁ ብሎ እናቱን እያታለለ ጦሙን ይወጣ ነበር። ድህነትን ከመጽሐፍ ሳይሆን ከሆዱ የተማረው በዚህ ጊዜ ነው።

ራማክሪሽና በ1886 በጉሮሮ ካንሰር ሲሞት ወጣት ደቀ መዛሙርቱ በአንድ ያረጀ ቤት ተሰብስበው መነኰሱ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ናሬንድራ በትሩን ይዞ በሕንድ አገር ይንከራተት ጀመር። አንድ ቀን ወደ ብሪንዳባን ሲሄድ በመንገድ ዳር ትምባሆ የሚያጨስ ሰው አየና ፒፓውን እንዲያቀብለው ለመነው። ሰውየው ጠራጊ መሆኑን፣ ይኸውም በካስት ሥርዓት ከማይነኩት ወገን መሆኑን ነገረው። ናሬንድራ እንደ ልማዱ ትቶት መንገዱን ቀጠለ። ጥቂት ከሄደ በኋላ ግን ሁሉም ነፍስ አንድ ነው ብሎ የመነኰሰ ሰው ከአንድ ጠራጊ መሸሹ አሳፈረውና ተመለሰ፤ ከሰውየው አጠገብ ተቀምጦም አጨሰ።

ይህ ታሪክ ትንሽ ይምሰል እንጂ የዮጋን ፍልስፍና ለመረዳት ብዙ ይረዳናል። የጥንቱ የፓታንጃሊ መጽሐፍ ዮጋን በስምንት ደረጃ ይከፍለዋል። የአካል አቀማመጥ የሚመጣው በሦስተኛው ነው። የመጀመሪያው ደረጃ አለመጉዳት፣ እውነት መናገር፣ አለመስረቅ፣ ራስን መግዛትና አለመስገብገብ ነው። እንግዲህ ዮጋ የሚጀምረው ሰው ከሰው ጋር ካለው ግንኙነት ነው ማለት ነው። ካርማ ዮጋ የተባለው መንገድ ደግሞ ሰው ፍሬውን ሳይቈጥር ተግባሩን እንዲፈጽም ያስተምራል። ነገ ምን እንደሚመጣ ለማያውቅ ሰው ይህ ትልቅ ስንቅ ነው፤ ውጤቱ በእጁ ባይሆንም ሥራው በእጁ ነውና።

በ1892 መጨረሻ በሕንድ ደቡባዊ ጫፍ በካንያኩማሪ ተቀምጦ ሲያሰላስል፣ ያሰበው ስለ ራሱ መዳን ሳይሆን ስለ ሕዝቡ ድህነትና ድንቁርና ነበር። መነኰሳት ካርታና የምድር ሉል ይዘው በየመንደሩ ድኻውን ቢያስተምሩ ብሎ አቀደ። ለዚህም ርዳታ ለመፈለግ በ1893 ወደ አሜሪካ ተሻገረ፤ በሴፕቴምበር 11 ቀን በቺካጎ በተከፈተው የሃይማኖቶች ጉባኤ ላይ ተናግሮ ስሙ በአንድ ጊዜ ገነነ። በ1896 ራጃ ዮጋ የተባለውን መጽሐፉን አሳተመ።

በ1897 አገሩ ሲመለስ ጭብጨባው አላሰነፈውም። በሜይ 1 ቀን የራማክሪሽና ሚሲዮንን አቋቋመ። ከመነኰሳት ጓደኞቹ መካከል ይህን ሥራ እንደ ዓለማዊ ነገር የቈጠሩት ነበሩ፤ እሱ ግን የተራበውን ማብላት ራሱ አምልኮ ነው ብሎ ጸና። በ1898 ወረርሽኝ ካልካታን ባስጨነቀ ጊዜ፣ ገንዘብ ከጠፋ ለገዳሙ የተገዛውን መሬት እንኳ ለመሸጥ ዝግጁ መሆኑን ገለጠ። በሚከተለው ዓመት ሚሲዮኑ የድኾችን ሰፈር ሲያጸዳ ሥራውን የመራችው ደቀ መዝሙሩ እኅት ኒቬዲታ ነበረች። ቪቬካናንዳ በጁላይ 4 ቀን 1902 በ39 ዓመቱ በቤሉር ገዳም ዐረፈ።

እርግጥ ነው፣ ቪቬካናንዳ የፖለቲካ መሪ አልነበረም። ግፍ ያለ ሕግ ለውጥ በምጽዋት ብቻ አይነቀልም የሚል ሰው ቢነቅፈው ነቀፋው መሠረት አለው። ሰውን የማይነካ ማለትን በሕግ የሻረው በ1950 የጸናው የሕንድ ሕገ መንግሥት ነው፤ አድልዎውም እስከ ዛሬ ጨርሶ አልጠፋም። ነገር ግን ሕግ የሚጽፈውም ሆነ የሚያስፈጽመው ሰው ነው። ያ ሰው በመንገድ ዳር ካለው ጠራጊ የሚሸሽ ከሆነ የሕጉ ፊደል ብቻውን ምን ያደርጋል?

ሕንድ ከ1985 ጀምራ የልደቱን ቀን የወጣቶች በዓል አድርጋ ታከብራለች። እኛም ዲግሪያችንን ይዘን ነገን ሳናውቅ የምንወጣ ተማሪዎች ከሱ የምንወስደው አለ። የልብ ጸጥታ መልካም ነው፤ የሚለካው ግን ዐይን በተጨፈነበት ሰዓት ሳይሆን ከተገለጠ በኋላ እግር ወዴት እንደሚሄድ በማየት ነው።