ከአዲስ አበባ እስከ ፓሪስ፦ የፊልም ሰው ኒኮ ፓፓታኪስ

ፊልም ሲባል ብዙዎቻችን ቶሎ ትዝ የሚለን ድብድቡ፣ የመኪናው ማሳደድ፣ የሕንዱ ዘፈንና ዳንስ ነው። ከነፋስ መውጫም ሆነ ከወገዳ፣ ከአርብ ገበያም ሆነ ከመካነ ኢየሱስ የመጣን እጩ መምህራን በቪዲዮ ቤት አግዳሚ ላይ ተጠጋግተን ያየነው በአብዛኛው ይህንኑ ነው። ክፉ ነው ለማለት አይደለም። ሲደክም የዋለ ሰው መሳቅም መደነቅም ያስፈልገዋል።

ነገር ግን ሌላ ዓይነት ፊልምም አለ። ትልልቅ ኩባንያዎች ገንዘብ የማያፈሱበት፣ ጥቂት ሰዎች ከኪሳቸው አዋጥተውና ከወዳጅ ተበድረው የሚሠሩት፣ በትንንሽ አዳራሽ የሚታይ፣ ካለቀም በኋላ ተመልካቹ ቶሎ ወደ ቤቱ የማይሄድበት፣ ቆሞ የሚከራከርበት ፊልም ነው። ነጻ ፊልም ወይም የጥበብ ሲኒማ ይባላል። በዚህ ዓይነቱ ሲኒማ ታሪክ ውስጥ ስማቸው ከሚነሳው ሰዎች አንዱ አዲስ አበባ ላይ ከኢትዮጵያዊት እናት የተወለደ መሆኑን ስንቶቻችን እናውቃለን? ውድ አንባቢያን፣ ዛሬ የምናነሳው የዚህን ሰው ሕይወት ነው። የውጭ አገሩን ዓመታት ለአያያዝ እንዲመች እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ጽፈናቸዋል።

ልደትና ስደት

ኒኮ ፓፓታኪስ ሰኔ 28 ቀን 1910 ዓ.ም. አዲስ አበባ ተወለደ። አባቱ ግሪካዊ፣ እናቱ ኢትዮጵያዊት ነበሩ። በዚያ ዘመን ሲኒማ ለአገራችን ሰው ገና እንግዳ ነገር ነበር። ሕዝቡ የመጀመሪያውን ሲኒማ ቤት የሰይጣን ቤት ብሎ እንደሰየመው የታወቀ ነው። ታዲያ የሰይጣን ቤት በተባለበት ከተማ የተወለደው ልጅ ዕድሜውን ለሲኒማ ይሰጣል ብሎ ማን ይገምት ነበር?

መስከረም 1928 ዓ.ም. ፋሺስት ኢጣሊያ አገራችንን ሲወር ኒኮ ገና የ17 ዓመት ወጣት ነበር። እንግዲህ አሁን ከእኛ ከብዙዎቻችን ያነሰ ነው ማለት ነው። የአባቴ አገር ሌላ ነው ብሎ ዳር አልቆመም፤ ከኢትዮጵያ ጦር ጎን ተሰልፎ ወራሪውን ተዋጋ። ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. ጠላት አዲስ አበባ ገባ። በእኛ በበጌምድር ተራሮችም ሆነ በሌላው ክፍለ ሀገር አርበኞች ዱር ቤቴ ብለው አምስቱን ዓመት ሲታገሉ፣ የኒኮ ዕጣ ግን ስደት ሆነ። መጀመሪያ ሊባኖስ፣ ቀጥሎ ግሪክ፣ በመጨረሻም በ1939 ፓሪስ ደረሰ።

ምን ያደርጋል፣ እዚያም ሰላም አልጠበቀውም። በዓመቱ፣ በሰኔ 1940፣ የናዚ ጀርመን ጦር ፓሪስን ያዘ። ከአንዱ ፋሺስት ያመለጠው ወጣት በሌላው እጅ ወደቀ። ያገኘውን ሥራ እየሠራ፣ አንዳንዴም በፊልም ውስጥ በአጃቢነት ብቅ እያለ ያንን ዘመን አሳለፈ። በእነዚህ ዓመታት የዘመኑን ጸሐፊዎችና ባለቅኔዎች ተዋወቀ። ዣን ፖል ሳርትር፣ ዣክ ፕሬቬር፣ ዣን ዠኔ ወዳጆቹ ከሆኑት መካከል ናቸው። ዩኒቨርሲቲ የሆነው ይኸው የቡና ቤት ጨዋታና ክርክር ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ቀይ ጽጌረዳ

ጦርነቱ ካበቃ በኋላ፣ በ1940ዎቹ መጨረሻ፣ ኒኮ በፓሪስ ሳን ዠርሜን ሰፈር «ቀይ ጽጌረዳ» የተባለውን የምሽት ክበብ ያስተዳድር ጀመር። ክበቡ መሸታ ቤት ብቻ አልነበረም። ዘፈን፣ አጫጭር ድራማና የግጥም ንባብ ይቀርብበት ነበር። እንደ ዡልዬት ግሬኮ ያሉ ዘፋኞች እዚያ መድረክ ላይ ወጥተዋል። አገር አልባው ስደተኛ የፓሪስ ከያንያን መሰብሰቢያ ባለቤት ሆነ ማለት ነው።

ከክበቡ ያገኘውን ገንዘብ ግን ቤት አልሠራበትም። በ1950 ደራሲው ዣን ዠኔ አንድ አጭር ፊልም ሊሠራ ሲነሳ ወጪውን የቻለው ኒኮ ነው። ፊልሙ «የፍቅር ዜማ» ይባላል። አንዲት ቃል አይነገርበትም፤ የእስረኞችንና የዘበኛቸውን ነገር በምስል ብቻ ያሳያል። ሳንሱሩ አላሳልፍ ብሎት ለብዙ ዓመታት በስውር ካልሆነ በቀር አልታየም። ዠኔ በሕይወቱ ያዘጋጀው ፊልም እሱ ብቻ ነው። ከንግድ አንጻር ካየነው ለኒኮ ንጹሕ ኪሳራ ነበር።

የኒውዮርኩ «ጥላዎች»

በ1957 ኒኮ ፈረንሳይ በአልጄሪያ ሕዝብ ላይ የምታካሂደውን ጦርነት በመቃወም ወደ ኒውዮርክ ሄደ። የቅኝ ገዢ ጦር ምን እንደሚያደርግ ከልጅነቱ ያየ ሰው ነውና ዝም ብሎ መኖር ከብዶት ይሆናል።

በኒውዮርክ ጆን ካሳቬቴስ የተባለ ወጣት ተዋናይ ተዋወቀ። ካሳቬቴስም የግሪክ ዘር ያለበት ሰው ነው። ይህ ወጣት «ጥላዎች» የተባለ ፊልም ጀምሮ ገንዘብ አጥሮት ነበር። የአጀማመሩ ነገር ራሱ ያስገርማል። ካሳቬቴስ በሬዲዮ ቀርቦ ስለ ተራ ሰዎች የሚናገር ፊልም ማየት ከፈለጋችሁ እርዱኝ ሲል፣ አድማጮች ጥቂት ጥቂት ዶላር በፖስታ ላኩለት። ልክ እንደኛ አገር መዋጮ መሆኑ ነው። ፊልሙ የአንድ ጥቁር ቤተሰብ ወንድማማቾችንና እህታቸውን ሕይወት ይተርካል። መልካቸው አንዱ ጠቆር፣ ሌላው ቀላ ያለ በመሆኑ የዘር መድልዎ በየቤታቸው እንዴት እንደሚገባ ያሳያል። የመጀመሪያው ሥራ አላጠግብ ብሎ በ1959 ብዙው ክፍል እንደገና ሲነሳ፣ ገንዘቡን ካሟሉት ሰዎች አንዱ ኒኮ ፓፓታኪስ ነበር። ዛሬ «ጥላዎች» የአሜሪካ ነጻ ፊልም መነሻ ከሚባሉት ሥራዎች አንዱ ነው። እንግዲህ በዚያ መሠረት ውስጥ አዲስ አበባ የተወለደ ሰው ያስቀመጠው ድንጋይ አለበት።

አምስቱ ፊልሞች

ኒኮ ራሱ የፊልም አዘጋጅ ሆኖ የተነሳው በ45 ዓመቱ ገደማ ነው። ዘግይቷል የሚል ካለ ይህን ያስብበት። ከ1963 እስከ 1991 ድረስ የሠራቸው ረጅም ፊልሞች 5 ብቻ ናቸው።

የመጀመሪያው በ1963 የወጣው «አዘቅቶች» ነው። በ1933 በፈረንሳይዋ ለ ማን ከተማ ሁለት እህትማማች የቤት ሠራተኞች አሠሪያቸውንና ልጇን የገደሉበትን እውነተኛ ታሪክ መነሻ ያደረገ ነው። በፊልሙ ውስጥ ሠራተኞቹ ለረጅም ጊዜ ደመወዝ አልተከፈላቸውም። ጩኸቱና ቁጣው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አያባራም። የካን ፌስቲቫል መራጮች አንቀበልም ሲሉ የባህል ሚኒስትሩ አንድሬ ማልሮ ፈረንሳይን ወክሎ እንዲቀርብ አደረጉ። አዳራሹ ተተራመሰ። የሚያወግዘው አወገዘ፣ እነ ሳርትርና ሲሞን ደ ቦቯር ደግሞ በጽሑፍ ተከራከሩለት።

ሁለተኛው በ1967 በግሪክ አገር የተነሳው «የሁከት እረኞች» ነው። ለእኛ ለጋይንትና ለስማዳ ልጆች ይሄኛው ቅርባችን ነው። ታኖስ የተባለ ድሃ እረኛ አለ፣ ዴስፒና የምትባል የሀብታም ልጅ አለች። የእረኛው እናት ልጅቱን ለልጇ ለማጨት ትነሳለች፤ መንደሩም ይናጣል። የድሃና የሀብታም ጋብቻ፣ የዘመድ ክብር፣ የአገር ሰው ሐሜት፣ ይህ ሁሉ በበግ መንጋና በድንጋያማ ተራራ መሐል ይታያል። እስቴ ላይ የተነሳ ፊልም ቢባል ማን ይጠራጠራል? በዚያው ዓመት በሚያዝያ የግሪክ ኮሎኔሎች ሥልጣን በመያዛቸው ፊልሙ በአገሩ እንደ ልብ የሚታይ አልሆነም።

ሦስተኛው በ1976 የወጣው «ግሎሪያ ሙንዲ» ነው። በአልጄሪያ ጦርነት የተፈጸመውን የእስረኞች ስቃይ ያነሳል። ፊልሙ ይታይበት በነበረ ሲኒማ ቤት ላይ ቦምብ ፈንድቶ ከዕይታ ወረደ። ይህ በፓሪስ የጥበብ ሲኒማዎች አዲስ ነገር አልነበረም። በ1928 የተከፈተው «ስቱዲዮ 28» የተባለው ትንሽ ሲኒማ ቤትም በ1930 አንድን ፊልም በጠሉ ሰዎች ወንበሩ ተሰባብሮ ነበር። ለካ ትንሽ አዳራሽም ትልቅ ጠላት ያፈራል።

አራተኛው የ1986ቱ «ፎቶግራፉ» ነው። አንድ የግሪክ ወጣት ሥራ ፍለጋ ፓሪስ ወዳለ ዘመዱ ሲሄድ የማያውቃትን ሴት ፎቶግራፍ በኪሱ ይዟል። ዘመዱ ማናት ሲለው እህቴ ናት ብሎ ይዋሻል። ብቸኛው ስደተኛ ዘመድ በፎቶግራፉ ፍቅር ይያዛል። ከዚያ በኋላ ወጣቱ ውሸቷን በውሸት ሲደግፍ፣ ሲደጋግፍ መጨረሻው ክፉ ይሆናል። ልጆቿን ዓረብ አገር የላከች እናት ይህን ፊልም ብታይ ያለ አስተርጓሚ የሚገባት ይመስለኛል። አምስተኛውና የመጨረሻው በ1991 የተሠራው «የገመድ ላይ ተራማጆች» ነው። ታዋቂው ተዋናይ ሚሼል ፒኮሊ አንድን ወጣት የሰርከስ ገመድ ላይ ለማራመድ የሚያሠለጥን ጸሐፊ ሆኖ ይጫወታል። ወጣቱ ሲወድቅ ጸሐፊው ይተወዋል። መምህር ልሁን የሚል ሁሉ ቢያየው ጥሩ ነው፤ ደቀ መዝሙርን ለራስ ዝና መጠቀም ምን እንደሚያመጣ ያሳያልና።

ኒኮ በ2003 የሕይወት ታሪኩን በፈረንሳይኛ አሳተመ። ታኅሣሥ 8 ቀን 2003 ዓ.ም.፣ በአውሮፓ ታኅሣሥ 17 ቀን 2010 መሆኑ ነው፣ በ92 ዓመቱ ፓሪስ ላይ አረፈ።

ምን እንማራለን?

ኒኮን የሚተች ሰው አያጣም። በአንድ በኩል ፊልሞቹ ይከብዳሉ፣ ጩኸት ይበዛባቸዋል፣ ተመልካች አቋርጦ ይወጣባቸዋል ይባላል። ሐሰት አይደለም። በሌላ በኩል ከአምስቱ ፊልሞች አንዱንም ስለ ኢትዮጵያ አልሠራም። ደሙን ሊሰጣት ለተሰለፈላት አገር አንድ ፊልም አለመሥራቱ ያሳዝናል። ይህን ጉድለት የሞሉ ሌሎች መጥተዋል። ጎንደር የተወለደው ኃይሌ ገሪማ በ1976 «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት»ን፣ በ2008 ደግሞ «ጤዛ»ን በአማርኛ ሠርቶ ገበሬውንና የተማረውን ሰው ዓለም እንዲያየው አድርጓል።

ቢሆንም እንደኔ አመለካከት ኒኮ አገሩን ጨርሶ አልረሳም። የሠራቸውን ሰዎች ተመልከቷቸው፦ ደመወዝ የተከለከለች ገረድ፣ የተናቀ እረኛ፣ የተሰቃየች እስረኛ፣ ዘመድ የራበው ስደተኛ። በ17 ዓመቱ የተዋረደ ሕዝብ ምን እንደሚመስል ያየ ሰው፣ ሌላውን የተዋረደ ባየ ቁጥር ዝም ማለት አልቻለም።

እኛስ? ነገ ተመድበን ወደየገጠሩ እንሄዳለን። የጥበብ ሲኒማ የሚባል አዳራሽ አናገኝም። ግን የፓሪሶቹም አዳራሾች ትንንሽ ነበሩ፤ ትልቅ ያደረጋቸው ከፊልሙ በኋላ የነበረው ክርክር ነው። አንድ ስክሪን፣ አንድ ጥሩ ፊልምና ሃያ ተማሪዎች ካሉ የፊልም ክበብ ተቋቋመ ማለት ነው። እንዲህ ያለውን ፊልም ስናይ ቶሎ አንሰልች። ማን ዝም አለ? ካሜራው ለምን እዚህ ቆየ? ጥፋቱ የማን ነው? እያልን እንጠይቅ፤ ተማሪዎቻችንም ይጠይቁ። ያልገባን ካለ ደግመን እንየው። የከበደ ትምህርትም ቢሆን የሚገባው ሲደገም አይደል!