ጆን ጎድፍሬይ ፓሪ ቶማስና ባለቤት ያጣችው መኪና

የምሕንድስና ታሪክ በአብዛኛው የሚያወሳው ከባዶ ወረቀት ተነሥተው አዲስ ነገር የፈጠሩትን ሰዎች ነው። ሌላው የቀየሰውን፣ ሌላው የገነባውንና ባለቤት ያጣውን መሣሪያ ተቀብሎ፣ ፈትቶ፣ መርምሮና አሻሽሎ የመጀመሪያ ሠሪዎቹ ካሰቡት በላይ የሚያደርሰው ባለሙያ ግን ብዙ ጊዜ እንደ ጠጋኝ ይቆጠራል። ይሁን እንጂ ይህ ሁለተኛው ሥራ የራሱ የሆነ ዕውቀት የሚጠይቅ፣ የራሱ የሆነ አደጋም ያለበት ነው። በዌልስ ተወልዶ በ42 ዓመት ዕድሜው በፔንዳይን የባሕር ዳርቻ ሕይወቱ ያለፈው መሐንዲስ ጆን ጎድፍሬይ ፓሪ ቶማስ ሁለቱንም ዓይነት ሥራ ሠርቷል፤ ስሙን ለትውልድ ያስተላለፈለት ግን ሁለተኛው ነው። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ልደቱና ትምህርቱ

ቶማስ ኤፕሪል 6 ቀን 1884 በሰሜን ዌልስ በሬክሳም ከተማ ተወለደ። አባቱ የቤተ ክርስቲያን አገልጋይ ነበር። ልጁ ገና ሕፃን ሳለ ቤተሰቡ ወደ እንግሊዝ ተሻግሮ በኦስዌስትሪ ከተማ ስለ ተቀመጠ የመጀመሪያ ትምህርቱን በዚያው ቀሰመ። ከዚያም ወደ ለንደን ሄዶ በሲቲ ኤንድ ጊልድስ ኮሌጅ ምሕንድስና አጠና።

ወጣቱ መሐንዲስ በመጀመሪያ የታወቀው በኤሌክትሪክ ኃይል ማስተላለፊያ ነው። በዚያ ዘመን የከባድ ተሽከርካሪ ካምቢዮ ለመቀየር አስቸጋሪ ነበር። በመሆኑም ቶማስ የሞተሩን ጉልበት በኤሌክትሪክ አማካይነት ወደ መንኮራኩሩ የሚያደርስ ዘዴ ቀየሰ፤ ዘዴውም በአውቶቡስና በሐዲድ ተሽከርካሪ ላይ ተሞክሯል። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ለጦርነቱ የሚጠቅሙ አዳዲስ ፈጠራዎችን በሚመረምረው የመንግሥት አካል ውስጥ አገለገለ፤ በአውሮፕላን ሞተር ቅየሳም ተሠማርቶ ነበር። ይህ የመጨረሻው ልምድ ከዓመታት በኋላ እንዴት እንደሚጠቅመው በጊዜው ሊያውቅ አይችልም ነበር።

ሌይላንድ ኤይት

በጦርነቱ ማብቂያ ገደማ ቶማስ የጭነት መኪና በመሥራት የታወቀው የሌይላንድ ኩባንያ ዋና መሐንዲስ ሆኖ ይሠራ ነበር። ኩባንያው በምቾትና በጥራት ከማንም የማያንስ የቤት መኪና ለመሥራት ስለ ወሰነ ሥራው ለእርሱ ተሰጠ። ረዳቱ ሪድ ሬይልተን ነበር፤ ይህ ሰው በኋላ ዘመን የየብስ ፍጥነት ክብረ ወሰን የሰበሩ ታላላቅ መኪኖችን የቀየሰ መሐንዲስ ለመሆን በቅቷል። የሁለቱ የሥራ ፍሬ የሆነው ሌይላንድ ኤይት በ1920 በለንደን የኦሊምፒያ የመኪና ትርኢት ላይ ቀረበ።

መኪናው ወደ 7 ሊትር የሚጠጋ ይዘት ያለው፣ ስምንት ሲሊንደሮቹ በአንድ መስመር የተደረደሩ ሞተር ነበረው። ቫልቮላዎቹን የሚከፍተው ዘንግ ከሲሊንደሮቹ በላይ ተቀምጦ የሚዞረው በሰንሰለት ወይም በጥርስ ሳይሆን በሚገፉና በሚስቡ ዘንጎች ስለ ነበር እጅግ ጸጥተኛ ነበር። የቫልቮላዎቹ ሞላ ጥቅልል መሆኑ ቀርቶ እንደ ትንሽ ባሌስትራ ጠፍጣፋ ነበር። ፍሬኑም በአየር እጦት ኃይል እየታገዘ ይይዝ ነበር። እነዚህ ሐሳቦች ለዘመኑ እጅግ የቀደሙ ነበሩ፤ ነገር ግን የመኪናው ዋጋ ከፍ ያለ፣ የጦርነት ማግሥት ገበያም የቀዘቀዘ ስለ ሆነ ከሃያ ያነሱ መኪኖች ብቻ ተሠርተው ምርቱ ቆመ። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ቶማስ የዋና መሐንዲስነቱን ቦታ ትቶ ወጣ።

ቤቱና ወርክሾፑ

የሄደው ወደ ብሩክላንድስ ነበር። ከለንደን በስተደቡብ ምዕራብ የሚገኘው ይህ ስፍራ በ1907 የተከፈተ፣ ለመኪና ውድድር ተብሎ የተገነባ የመጀመሪያው ሜዳ ነው። ዙሩ 4.5 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን መንገዱ ኮንክሪት፣ ኩርባዎቹም እንደ ግድግዳ ዘንበል ብለው የቆሙ ነበሩ። ኮንክሪቱ በየቦታው ሰምጦ ወጣ ገባ ስለ ሆነ በዚያ በፍጥነት የሚሮጥ መኪና ሻሲው፣ ባሌስትራውና ጎማው ያለ ምሕረት ይፈተን ነበር።

ቶማስ መኖሪያውን በዚሁ ሜዳ ውስጥ አደረገ። ትዳር አልመሠረተም፤ ኑሮውና ሥራው በአንድ ግቢ ውስጥ ነበሩ። ከአንድ ባልደረባው ጋር አነስተኛ የፈጠራና የማሻሻያ ድርጅት አቋቁሞ፣ ሬይልተንም ተጨምሮ፣ የራሱንም የሌሎችንም መኪኖች ያሻሽል ጀመር። በዚያን ጊዜ ዕድሜው ወደ 40 ይጠጋ ነበር፤ ብዙ ነጂዎች መሪውን በሚያስረክቡበት ዕድሜ እርሱ ጀመረ። በዝምተኛነቱ የታወቀ ሲሆን ለሕፃናት ሆስፒታል እርዳታ የሚያደርግ ደግ ሰውም ነበር።

በቅድሚያ የተነሣው ራሱ የቀየሰውን ሌይላንድ ኤይት ለውድድር በማሻሻል ነው። የማሻሻያው ፍሬ በጁላይ 1925 በግልጽ ታየ። ኧርነስት ኤልድሪጅ የተባለው ተወዳዳሪ በአሮጌ ፊያት ሻሲ ላይ ከ21 ሊትር የሚበልጥ የአውሮፕላን ሞተር ጭኖ ቀርቦ ነበር፤ የቶማስ ሞተር ይዘት ከ7 ሊትር ብዙም አይበልጥም። ሁለቱ ብቻ ለብቻ ተወዳድረው ቶማስ በአማካይ በሰዓት 198 ኪሎ ሜትር ያህል እየሮጠ አሸነፈ። በይዘት ሦስት እጅ የሚበልጠው ሞተር በአግባቡ በተዘጋጀ መኪና የተረታበት ይህ ቀን የቶማስን የሥራ መንገድ በሚገባ ይገልጻል።

ባብስ

ኮንት ሉዊስ ዝቦሮውስኪ በካንተርበሪ አቅራቢያ በሚገኘው በሃይአም መኖሪያው ግዙፍ መኪኖችን የሚያሠራ ባለጸጋ ነበር። ከነዚህ አንዷ ሃይአም ስፔሻል ትባል ነበር። ሞተሯ ሊበርቲ የተባለው 12 ሲሊንደርና 27 ሊትር ያለው የአሜሪካ የጦር አውሮፕላን ሞተር ሲሆን ጉልበቱ 450 የፈረስ ጉልበት ያህል ነበር። ካምቢዮዋ የተገኘው ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በፊት ከተሠራ የብሊትዝን ቤንዝ መኪና ነው። ጉልበቱ ወደ ኋላ መንኮራኩሮች የሚደርሰው አንዱ በቀኝ ሌላው በግራ በሚሄዱ ሁለት ሰንሰለቶች ነበር። ዝቦሮውስኪ በኦክቶበር 1924 በኢጣልያ በሞንዛ ውድድር ላይ ሲሞት መኪናዋ ባለቤት አጣች፤ ቶማስም በ125 ፓውንድ ገዛት።

ተፎካካሪዎቹ ማልኮልም ካምቤልና ሄንሪ ሲግሬቭ በታላላቅ ፋብሪካ ሠራተኞች እጅ የተዘጋጁ መኪኖች ነበሯቸው። ቶማስ የነበረው ይህች አሮጌ መኪና፣ የብሩክላንድሱ ወርክሾፕና የአውሮፕላን ሞተር ዕውቀቱ ነው። ሞተሩ በአራት ዜኒዝ ካርቡራተሮች እንዲመገብ አደረገ፤ ፒስቶኖቹንም በራሱ ቅየሳ በተሠሩ ተካቸው። የመኪናዋንም አካል በየጊዜው እያቀጠነና እያሾለ አየር የሚቀንስ ቅርጽ ሰጣት፤ ስሟንም ባብስ አላት።

የአካሉን ቅርጽ ለማሻሻል ይህን ያህል መድከሙ በስሌት የተደገፈ ነበር። በከፍተኛ ፍጥነት ጊዜ አየሩን ለመግፋት የሚያስፈልገው ጉልበት የሚያድገው በፍጥነቱ ሦስተኛ ርቢ ነው። ሲግሬቭ በማርች 1926 ያስመዘገበው ክብረ ወሰን በሰዓት 245 ኪሎ ሜትር ነበር። አንድ መኪና ከዚህ ፍጥነት ተነሥቶ ወደ 275 እንዲደርስ ቅርጹ ካልተለወጠ 40 በመቶ ያህል ተጨማሪ ጉልበት ያስፈልገዋል። ከአሮጌ ሞተር ይህን ሁሉ መጭመቅ አደገኛ ስለ ሆነ ከቅርጹ የሚገኘው ትርፍ ከጉልበቱ የሚገኘውን ያህል ይፈለጋል።

ካምቢዮውና ሰንሰለቶቹ ግን በቦታቸው ቀሩ። ለዚህም ምክንያት ነበረው። የሰንሰለት ማስተላለፊያ ለመሥራት ቀላል ነው፤ የሰንሰለቱን ጥርስ ጎማ በመለወጥ ብቻ የፍጥነት ምጥነቱን ማስተካከል ይቻላል። በሌላ በኩል ሰንሰለቶቹ የሚሄዱት ከነጂው መቀመጫ ግራና ቀኝ ነበር።

በፔንዳይን አሸዋ ላይ

ፔንዳይን በደቡብ ምዕራብ ዌልስ የሚገኝ 11 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው ጠፍጣፋ የባሕር ዳርቻ ነው። ባሕሩ ወደ ኋላ በሚሸሽባቸው ጥቂት ሰዓታት አሸዋው ጠንክሮ ለሩጫ ይመቻል፤ ውሃ ያቆረ ቦታ ሲያጋጥም ግን ጎማው ይያዛል፣ መኪናውም ይዋልላል። በክብረ ወሰን ደንብ መሠረት መኪናው በሁለቱም አቅጣጫ መሮጥ ስላለበት የሚመዘገበው የሁለቱ ሩጫዎች አማካይ ነው። በመሆኑም አሸዋውን፣ ነፋሱንና የባሕሩን ሰዓት መጠበቅ የሥራው ክፍል ነበር።

ቶማስ ኤፕሪል 27 ቀን 1926 በሰዓት 272 ኪሎ ሜትር ሮጦ ክብረ ወሰኑን ሰበረ፤ በማግሥቱ ደግሞ ወደ 275 አሳደገው። በአንድ ጊዜ 30 ኪሎ ሜትር የሚያህል ጭማሪ ማስመዝገቡ፣ ያውም በ125 ፓውንድ በተገዛች መኪና፣ የዘመኑን የመኪና ዓለም አስደነቀ።

ክብሩ ግን አንድ ዓመት አልሞላም። ካምቤል ለዚሁ ዓላማ ብቻ በተሠራች አዲስ መኪና ፌብሩዋሪ 4 ቀን 1927 በዚያው በፔንዳይን በሰዓት 281 ኪሎ ሜትር ሮጠ። ሲግሬቭም ባለ ሁለት ሞተር ግዙፍ መኪና አሠርቶ ወደ አሜሪካ ለመሄድ ይሰናዳ ነበር። ቶማስ ባብስን ይዞ ወደ አሸዋው ተመለሰ።

ማርች 3 ቀን 1927 በከፍተኛ ፍጥነት ላይ ሳለች ባብስ ሚዛኗን ስታ ተገለበጠች፤ በእሳትም ተያያዘች። ቶማስ ራሱ ላይ በደረሰበት ጉዳት ወዲያው ሞተ። የየብስ ፍጥነት ክብረ ወሰን ለመስበር ሲሞክር ሕይወቱን ያጣ የመጀመሪያው ሰው እርሱ እንደ ሆነ ይነገራል። አስከሬኑ በብሩክላንድስ አቅራቢያ በባይፍሊት ቤተ ክርስቲያን ዐረፈ። መኪናዋ ደግሞ እዚያው በፔንዳይን የአሸዋ ክምር ውስጥ ተቀበረች።

ከ42 ዓመት በኋላ

በጊዜው የተሰጠው ፍርድ፣ የቀኙ ሰንሰለት ተበጥሶ የነጂውን ራስ መታ የሚል ነበር። ይህ አነጋገር ለረጅም ዘመን እንደ እውነት ሲደጋገም ኖረ። ይሁን እንጂ አደጋው ከደረሰ ከ26 ቀን በኋላ ሲግሬቭ በአሜሪካ በዴይቶና የባሕር ዳርቻ በሰዓት 328 ኪሎ ሜትር ሲሮጥ የእርሱም መኪና በሰንሰለት የሚነዳ ነበር። ስለዚህ ሰንሰለት በመሆኑ ብቻ ጥፋተኛ ሊባል አይችልም ነበር። ማስረጃው በእጅ ተይዞ እንዳይመረመር ግን መኪናዋ ከአሸዋ በታች ነበረች።

በ1969 ኦወን ዊን ኦወን የተባለ የዌልስ የምሕንድስና መምህር፣ ስፍራው የጦር ኃይል ይዞታ ስለ ነበር አስፈላጊውን ፈቃድ አግኝቶ፣ ባብስን ከአሸዋው አወጣት። ጨዋማው እርጥበት የአካሏን ቆርቆሮ በብዛት በልቶት ነበር። ኦወን በኬፕል ኪሪግ መንደር በሚገኘው የራሱ ወርክሾፕ ከአሥር ዓመት በላይ ደክሞ አደሳት፤ ሊበርቲ ሞተሯም እንደገና ተነሣ። ከእድሳቱ በኋላ በፔንዳይንና በብሩክላንድስ ለሕዝብ ታይታለች።

ከአሸዋው የወጣው ስብርባሪ በታየ ጊዜ የቆየው ፍርድ ተናጋ። የቀኙ የኋላ ቸርኬ አስቀድሞ ሳይሰበር አልቀረም፣ ሰንሰለቱ የተበጠሰውም በዚያው ሳቢያ ሊሆን ይችላል የሚለው ሐሳብ ሚዛን እየደፋ መጣ። ይህ ለመሐንዲስ ትልቅ ልዩነት ያለው ነገር ነው። ሰንሰለቱ ጥፋተኛ ከሆነ መፍትሔው ጠንካራ መከላከያ ማበጀት ነው። ቸርኬው ከሆነ ግን ጥያቄው የተለየ ይሆናል፤ ይኸውም ሞተሩና ቅርጹ ተሻሽለው ፍጥነቱ ባደገ መጠን መንኮራኩሩ የሚሸከመው ኃይል ምን ያህል እንዳደገ ማስላት ነው። መንኮራኩርን ወደ ውጭ የሚገነጥለው ኃይል በፍጥነቱ ሁለተኛ ርቢ ያድጋልና።

የቶማስ ሕይወት ለሙያው የተወው ትምህርት በዚህ ነጥብ ላይ ያርፋል። አሮጌ መኪና በወርክሾፑ የሚያሻሽል ባለሙያ አንዱን ክፍል ባጠነከረ ቁጥር ሸክሙን ወደ ሌላ ክፍል ያዛውራል፤ ፒስቶን ሲሻሻል ካምቢዮው፣ ካምቢዮው ሲቻል ሰንሰለቱ፣ ሰንሰለቱ ሲጠነክር ቸርኬው ይጠየቃል። የመጀመሪያው ቀያሽ ያስቀመጠው የደኅንነት ትርፍ የት እንዳለና ምን ያህሉ እንደ ተበላ የሚያውቀው ይህን ሰንሰለት እስከ ጫፉ የተከተለ ብቻ ነው። ሁለተኛው ትምህርት የኦወን ነው፤ የተሰበረ ዕቃ በሐዘን ምክንያት ሲቀበር ምክንያቱም አብሮ ይቀበራል። ፓሪ ቶማስ ሌሎች የተዉትን መኪና ለዓለም ክብረ ወሰን ያበቃ መሐንዲስ ነበር፤ ሞቱን በተመለከተ ግን ለሙያ ባልደረቦቹ ይገባ የነበረው መልስ 42 ዓመት ከአሸዋ በታች ቆየ።