የሐይቁ መምህር አባ ኢየሱስ ሞዐ

ከደሴ በስተ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በሚገኘው በሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም፣ ከ700 ዓመት በላይ የኖረ አንድ የብራና ወንጌል አለ። በ1273 ዓ.ም. ለገዳሙ የሰጡት አባታችን አባ ኢየሱስ ሞዐ ናቸው። ዜና ሕይወታቸውን ከዚህ መጽሐፍ ለመጀመር የወደድነው ያለ ምክንያት አይደለም።

አባ ኢየሱስ ሞዐ በ13ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ በዳህና ተወለዱ። በጕልማስነታቸው ወደ ደብረ ዳሞ ወጥተው ከአበ ምኔቱ ከአባ ዮሐኒ እጅ ምንኵስናን ተቀበሉ፤ በዚያም ከጾምና ከጸሎት ጋራ ቍም ጽሕፈትን ተማሩ። ምእመናን የእኒህን አባት ነገር ሲያነሡ ጐናቸውን ከምድር ሳያሳርፉ መኖራቸውን ይተርካሉ፤ መልካም ነው። እኛ ግን ብራና ፍቀው፣ ቀለም በጥብጠው፣ ብርዕ ቀርጸው መቀመጣቸውን ከዚያ ተጋድሎ አሳንሰን አናየውም። አንድ ወንጌል ተጽፎ እስኪፈጸም የስንት ፍየል ቆዳ እንደሚያልቅ፣ ወገብና ዐይንም ምን ያህል እንደሚደክም፣ ከጸሓፊ አጠገብ የተቀመጠ ሁሉ ያውቀዋል።

ወደ ሐይቅ የመጡት በ1240 ዓ.ም. ገደማ ነው። ቤተ ክርስቲያኑ ከእርሳቸው አስቀድሞ የነበረ ሲሆን፣ የማኅበር ሥርዐት ያቆሙበትና ጉባኤ የዘረጉበት እርሳቸው ናቸው። አቡነ ተክለ ሃይማኖት ደብረ ሊባኖስን ከመመሥረታቸው በፊት ከዚህ ጉባኤ ተምረዋል፤ የዳጋ እስጢፋኖሱ አባ ኂሩተ አምላክም እንዲሁ። ዐፄ ይኵኖ አምላክ በ1262 ዓ.ም. ከነገሡ በኋላ ገዳሙ በቤተ መንግሥት ዘንድ ስላገኘው ክብር ብዙ ተነግሯልና እናልፈዋለን። አባታችን ኅዳር 26 ቀን 1285 ዓ.ም. ዐረፉ።

በ1524 ዓ.ም. የኢማም አሕመድ ጦር ወደ አምሐራ ሲገባ፣ ዐፄ ናዖድ ጀምረው ዐፄ ልብነ ድንግል የፈጸሙት፣ በወርቅ ያጌጠው መካነ ሥላሴ ተቃጠለ፤ የቀረለት ፍርስራሽና የተጠረበ ድንጋይ ነው። ሐይቅም በዚያ ዘመን ወርቁን አጣ፤ ወንጌሉ ግን ተረፈ።

መጻሕፍታችንን ያጠፋው እሳት ብቻ ቢሆን ኖሮ ኀዘናችን በቀለለ ነበር። በ1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር ከመቅደላ ብዙውን ጭኖ ሄደ። ከዚያም ወዲህ ከየዕቃ ቤቱ በገዛ እጃችን እየተሸጠ የወጣ አለ፤ ይህን መናገር ለካህን ያሳፍራል።

በአባ ኢየሱስ ሞዐ ወንጌል ውስጥ የእርሳቸው ሥዕል አለ። የገዳሙ መጻሕፍት ስም ዝርዝርም በዚያው ተጽፏል። ሐይቅን ለመሳለም የምትሄዱ ወንድሞቻችን ካህናት፣ አበው ቢፈቅዱላችሁ፣ ያን ዝርዝር ዛሬ በዕቃ ቤቱ ካሉት መጻሕፍት ጋራ አስተያዩት።