ኤድስገር ዳይክስትራ፦ ተመልሶ የማይገኝ ስሕተት ያስፈራው ሊቅ

ኤድስገር ዳይክስትራ በ1930 በሆላንድ አገር፣ በሮተርዳም ከተማ ተወለደ። (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) አባቱ የኬሚስትሪ፣ እናቱ የሒሳብ ሰው ነበሩ። 10 ዓመት በሞላው በሦስተኛው ቀን የጀርመን አውሮፕላኖች የከተማውን መሐል በቦምብ አጋዩት። ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የገባው በ1942፣ አገሩ በጠላት ጦር እንደተያዘች ነው። በ1944 መጨረሻና በ1945 መጀመሪያ ደግሞ ያንን አካባቢ ጽኑ ረሃብ መታው። ከጦርነቱ በኋላ ምኞቱ ሕግ አጥንቶ አገሩን በተባበሩት መንግሥታት ድርጅት መወከል ነበር። ነገር ግን በሳይንስ ትምህርት ያገኘው ውጤት እጅግ ከፍ ያለ ስለ ነበር ሐሳቡን ቀይሮ በ1948 በላይደን ዩኒቨርሲቲ ፊዚክስ መማር ጀመረ።

በ1951 እንግሊዝ አገር ካምብሪጅ ሄዶ የፕሮግራም አጻጻፍ ተማረ፤ በ1952 በአምስተርዳም የሒሳብ ማዕከል ተቀጠረ። ያን ጊዜ ፕሮግራም መጻፍ ከሙያ አይቆጠርም። በ1957 ሲያገባ ሙያዬ ፕሮግራመር ነው ቢል የከተማው ሹማምንት እንዲህ ያለ ሥራ የለም ብለው አልቀበል ስላሉት የፊዚክስ ሰው ተብሎ ተመዘገበ። ከአንድ ቦታ ወደ ሌላ የሚያደርሰውን አጭሩን መንገድ መፈለጊያ ዘዴውን ያገኘው ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ ከእጮኛው ጋር ቡና ቤት ተቀምጦ፣ ያለ ወረቀትና እርሳስ በ20 ደቂቃ ውስጥ ነው። ስሙ በብዛት የሚነሣው በዚህ ቢሆንም፣ ይበልጥ ሊነገርለት የሚገባው ሌላው ሥራው ይመስለኛል።

የማዕከሉ ባልደረቦች ሎፕስትራና ስኾልተን ኤክስ-1 የተባለውን ኮምፒዩተር ሲነድፉ አንድ አዲስ ነገር ሊጨምሩበት ፈለጉ። ቀድሞ ኮምፒዩተሩ የጽሕፈት መሣሪያው ሥራውን እስኪጨርስ ዝም ብሎ ይጠብቅ ነበር። አሁን ግን መሣሪያው ሲጨርስ ምልክት ይሰጣል፤ ኮምፒዩተሩም የያዘውን ስሌት አቋርጦ ያስተናግደውና ወደ ስሌቱ ይመለሳል። ይህ ኢንተረፕት ይባላል። አስተማሪ በሰሌዳ ላይ ሒሳብ ሲሠራ በር ተንኳኳ እንበል። ጠመኔውን አስቀምጦ እንግዳውን ካነጋገረ በኋላ ካቆመበት ቁጥር ላይ መቀጠል አለበት። በልቡ ከያዘው አንዲት ቁጥር ብትጠፋበት ከዚያ ወዲያ ያለው ሁሉ የተበላሸ ነው።

ዳይክስትራ ይህን ሲሰማ ደነገጠ። እስከዚያ ድረስ የተሳሳተ ፕሮግራም እንደገና ሲያስኬዱት እዚያው ቦታ ላይ ይሳሳታል፤ ስለዚህ ስሕተቱን ተከታትሎ መያዝ ይቻላል። በሩ ግን ሁለት ጊዜ በአንድ ዓይነት ቅጽበት አይንኳኳም። ስሕተቱ ዛሬ ይታይና ለወራት ይሰወራል፤ ሲፈልጉት የለም። ጥፋቱ የፕሮግራሙ ይሁን የማሽኑ መለየት እንኳ ያስቸግራል። ዳይክስትራ ውሳኔውን ሦስት ወር ያህል አጓተተው፤ በመጨረሻ ሁለቱ ባልደረቦቹ እያሞገሱና እያግባቡ እሺ አሰኙት። ኢንተረፕቱን የሚያስተናግደው ፕሮግራሙ በ1959 ዶክተር የተባለበት ጥናት ሆነ።

በ1962 በአይንድሆቨን ከተማ ፕሮፌሰር ሆነ። እዚያም ከጥቂት ባልደረቦቹ ጋር ኤክስ-8 ለተባለ ኮምፒዩተር ኦፕሬቲንግ ሲስተም ሠራ፤ ይኸውም ሌሎቹን ፕሮግራሞች ተራ የሚያስይዝና መሣሪያዎቹን የሚያካፍል ዋና ፕሮግራም ነው። ፕሮግራሞቹ በአንድ መሣሪያ ላይ እንዳይሻሙ ሴማፎር የተባለ ዘዴ አወጣ። የመጋዘኑ ቁልፍ አንድ ብቻ ቢሆን፣ ቁልፉን የያዘው ይገባል፤ ሌላው ተኝቶ ይጠብቃል፤ ቁልፉ ሲመለስ ከሚጠብቁት አንዱ ይቀሰቀሳል።

ዋናው ጥያቄ ግን ይህ ሁሉ እንዴት ይፈተሻል የሚለው ነበር። ዳይክስትራ ሲስተሙን እንደ ፎቅ ቤት በእርከን ከፈለው። የታችኛው እርከን ኮምፒዩተሩ የትኛውን ፕሮግራም እንደሚሠራ ተራ ይሰጣል፤ ከእርሱ በላይ ያለው የማስታወሻውን ቦታ ያከፋፍላል፤ ቀጣዩ ማሽኑን ከሚጠብቀው ሠራተኛ ጋር ይነጋገራል፤ እንዲህ እያለ እስከ ተጠቃሚዎቹ ፕሮግራሞች ይደርሳል። የታችኛው በሚገባ ተፈትሾ ሳያልቅ የላይኛው አይጨመርም። ታች ያለው ከጸና ላይ ያለው በሩ መቼ እንደሚንኳኳ ማሰብ አያስፈልገውም፤ ስለዚህ የሚፈተሹት ሁኔታዎች ሰው ቆጥሮ የሚጨርሳቸው ይሆናሉ። ሁሉን ገጣጥሞ በአንድ ጊዜ ልፈትሽ ቢል ኖሮ ዕድሜ አይበቃውም ነበር።

በ1968 ባሳተመው ጽሑፍ እንደገለጸው፣ በፍተሻው የተገኙት ስሕተቶች ከ500 ትእዛዞች አንድ ያህል ብቻ ሲሆኑ፣ ቀላል የአጻጻፍ ግድፈቶች ነበሩ፤ የእያንዳንዱም ቦታ በ10 ደቂቃ ውስጥ ታወቀ። ፍተሻው ገና ሳያልቅ ሲስተሙ እንከን አይኖረውም ብሎ መጻፉ ደፋር ያሰኘዋል። ይሁንና ፍተሻ የስሕተትን መኖር እንጂ አለመኖሩን አያሳይም ብሎ ያስተማረው ያው እርሱ ነው፤ የተመካው አስቀድሞ በወረቀት ላይ ባደረገው ማረጋገጫ ነበር። ጉድለታቸውንም አልደበቀም። ለረጅም ጊዜ መሣሪያዎቹ ሁሉ ደኅና እንደሆኑ አድርገው ሲያስቡ ቆይተው፣ አንዱ ቢበላሽ ሥራው እንዴት እንደሚቀጥል ያሰቡበት ዘግይተው ስለ ሆነ ብዙ ተቸግረዋል።

በ1972 በሙያው ትልቁ የሆነውን የቱሪንግ ሽልማት ተቀበለ። ከ1984 እስከ 1999 በአሜሪካ፣ በኦስቲን ከተማ በቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ አስተማረ። የኮምፒዩተር ሊቅ ሆኖ ሳለ ጽሑፎቹን በብዕር ነበር የሚጽፈው። ከ1,300 በላይ የሚሆኑትን ቁጥር እየሰጠ፣ ፎቶ ኮፒ እያስነሣ ለወዳጆቹ ይልክ ነበር። ኦገስት 6 ቀን 2002 በአገሩ በሆላንድ፣ ኑነን በምትባል ከተማ በ72 ዓመቱ ዐረፈ። ሴማፎር ዛሬም በኦፕሬቲንግ ሲስተሞች እምብርት ውስጥ በሥራ ላይ ነው።