አፄ ምኒልክና የከብት ፍግ

ዳግማዊ አፄ ምኒልክ ነሐሴ 12 ቀን 1836 ዓ.ም. በሸዋ፥ አንጎለላ በሚባል ስፍራ ተወለዱ። አባታቸው የሸዋ ንጉሥ ኃይለ መለኮት ነበሩ። በልጅነታቸው አፄ ቴዎድሮስ ወደ መቅደላ ወሰዷቸው፤ በዚያም 10 ዓመት ያህል ከኖሩ በኋላ በ1857 ዓ.ም. አምልጠው ወደ ሸዋ ተመለሱ። የዐድዋን ድል ታውቁታላችሁ፤ እኛ ግን ዛሬ የምንነግራችሁ ስለ ከብትና ስለ መሬት ነው።

በ1880 ዓ.ም. ገደማ በምጽዋ በኩል የከብት በሽታ ገባ። ከአሥር ከብት ዘጠኙ ያህል እንዳለቀ ይነገራል። በሬ ስለ ጠፋ መሬቱ ጦሙን አደረ፤ ዘመኑም ክፉ ቀን ተባለ። ያን ጊዜ አፄ ምኒልክ ዶማ ይዘው በገዛ እጃቸው ቆፈሩ፤ መኳንንቱም ይህን አይተው መቆፈርን ነውር ማለት ተዉ።

ልጆች ሆይ፥ በዚያ ዘመን የጠፋው በሬው ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ ፍጉም አብሮ ጠፋ። ፍግ ባጣ ጓሮ ጎመን ይቀጭጫል። የቦሌ ሜዳ ጥቁር ዋልካ አፈር በክረምት ይጨቀያል፥ በበጋም ይሰነጠቃል፤ የበሰበሰ ፍግ ሲደባለቅበት ግን ይለሰልሳል፥ እርጥበትም ይይዛል። ትኩስ እበት ሥር ያቃጥላልና አስቀድሞ ተከምሮ ጥቂት ወራት መብላላት አለበት።

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከተቆረቆረች በኋላ ሕዝቡ በዛ፥ በዙሪያዋም ያለው ደን ተመንጥሮ አለቀ። እንጨት ያጣ ሰው እበቱን ጠፍጥፎ፥ አድርቆ፥ ኩበት አድርጎ ያነዳል። ኩበቱ ወጡን ያበስላል፤ ጓሮው ግን ይራባል። እንጨት ከመታጣቱ የተነሣ ንጉሠ ነገሥቱ ከተማቸውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር አስበው በዚያ ቤተ መንግሥት ማሠራት ጀምረው ነበር። ነገር ግን በ1887 ዓ.ም. ገደማ የገባው የአውስትራሊያ ባሕር ዛፍ ፈጥኖ አደገ፤ ከተማይቱም በስፍራዋ ጸናች። በምሥራቅ ያለው የየካ ተራራም በኋላ ይህንኑ ዛፍ ለበሰ። ባሕር ዛፍ ውሃ እጅግ ይጠጣል፥ አትክልትም በሥሩ አይሆንለትም፤ ስለዚህ ከጓሮ ማራቅ ይሻላል። ቢሆንም ምድጃው እንጨት ሲያገኝ ፍጉ ለመሬት ይተርፋል።

አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሚኒስትሮችን ሲሾሙ ለእርሻም ሚኒስትር ሾሙለት። ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. አረፉ። ዛሬ አውሮፕላን የሚያርፍበት የቦሌ ሜዳ ያን ጊዜ ገና እርሻና የከብት መሰማሪያ ነበረ።